ከዛፍ ሥር አትክልት፦ ዋናው ሥራ ያለው ከላይ ነው
ከዛፍ ሥር አትክልት አይሆንም የሚሉ ሰዎች ከመሬት ተነስተው አይደለም። ባዶ ቦታ ተገኘ ተብሎ የተገኘውን ዘር ከበተኑበት በእርግጥም አይሆንም። እኔ ከላይ ግራቪሊያ፣ መሀል ላይ አቮካዶና ማንጎ፣ ከታች ደግሞ ጎመን፣ ቆስጣና ሰላጣ አድርጌ በደርብ በደርብ ነው የተከልኩት።

ዛፎቹ ትንንሽ ሳሉ ነገሩ ቀላል ነበር። ፀሐዩ እንደ ልብ ነው። በረድፎቹ መካከል ቲማቲም፣ ቃሪያና ሽንኩርት አመረትኩ። ቲማቲምና ቃሪያ በቀን ውስጥ በድምሩ ለ6 ወይም 8 ሰዓታት ያህል ቀጥታ ፀሐይ ይፈልጋሉ። ፍራፍሬው ምርት እስኪሰጥ ዓመታት ስለሚፈጅ፣ እስከዚያ ወጪውን የሸፈነው አትክልቱ ነው።

ቅርንጫፎቹ መጠጋጋት ሲጀምሩ ግን አተካከሌን ለወጥኩ። አሁን ከመትከሌ በፊት ጥላውን አያለሁ። ዘዴው ተራ ነው። ጠዋት፣ እኩለ ቀንና አመሻሽ ላይ የጥላው ጠርዝ በሚያርፍበት ቦታ ችካል እተክላለሁ። ወቅት ሲቀየር ጥላውም ቦታ ስለሚቀይር እደግመዋለሁ። በቀን ለ3 ወይም 4 ሰዓታት ያህል ፀሐይ የሚያገኘው ቦታ ለቅጠላ ቅጠል ነው። በቅጠል መሀል የተቆራረጠ ብርሃን ብቻ የሚደርሰውን ለጎደሬና ለዝንጅብል እተወዋለሁ። ካሮት አያታላችሁ፤ ጥላ ላይ ቅጠሉ ያምራል፣ ስትነቅሉት ግን ሥሩ ቀጭን ነው። ሰላጣ እንዲያውም በሙቀት ወራት ጥላ ይሻለዋል። ፀሐይ ሲጠናበት ቶሎ ግንድ አውጥቶ ያብባል፣ ቅጠሉም ይመራል።

ለአትክልቱ ትልቁን ውለታ የዋለልኝ ማዳበሪያ ሳይሆን መጋዝ ነው። ግራቪሊያ መገረዝን የሚችል ዛፍ ነው። የታችኛው ቅርንጫፍ ሲነሳ ለጎመኑ ብርሃን ይገባል፤ ግንዱም አንጓ የሌለው ጣውላ ይወጣዋል። ወፍራም ቅርንጫፍ ስቆርጥ መጀመሪያ ከሥር በኩል ትንሽ በመጋዝ እቆርጠዋለሁ፣ ከዚያ ከላይ እጨርሰዋለሁ። አለበለዚያ ሲወድቅ የግንዱን ልጣጭ ይዞት ይወርዳል። ቅርንጫፉ ከግንዱ ጋር የሚገናኝበትን እብጠት ደግሞ አልነካም፤ ቁስሉ የሚድነው ከእሱ ተነስቶ ነው። አቮካዶ ላይ ግን እጄን እሰበስባለሁ። በድንገት ከተራቆተ ልጣጩን ፀሐይ ያቃጥለዋል።

ከመሬት በታችም ሽሚያ አለ። አቮካዶ ሥር ያለውን ጉዝጓዝ ገለጥ ብታደርጉት ቀጫጭን ነጫጭ ሥሮች እዚያው ላይ ላዩን ተሰራጭተው ታያላችሁ። ስለዚህ ከቅርንጫፎቹ ጫፍ ወደ ውስጥ ዶማ አላስገባም። የአትክልት መደቡ ከዚያ ውጭ ነው። በግራቪሊያው በኩል ግን አልራራም፤ የመደቡን ዳር ዳር በአካፋ ወግቼ ወደ አትክልቱ የሚመጣውን ሥር እቆርጣለሁ።

የረገፈውን ቅጠል አላቃጥለውም፣ ጉዝጓዝ አደርገዋለሁ። እርጥበት ይይዛል፣ አረም ያፍናል። ከግንዱ ግን ትንሽ ራቅ ይበል፣ አለበለዚያ እርጥበቱ ልጣጩን ያበሰብሰዋል። ቀንድ አውጣም እዚያ ውስጥ መደበቅ ስለሚወድ አመሻሽ ላይ ባትሪ ይዞ መልቀም ነው። ጥላ ውስጥ ቅጠል ቶሎ አይደርቅም፣ ፈንገስ ደግሞ ይህን ይወዳል። ስለዚህ የማጠጣው ጠዋት ነው፤ ያውም ቅጠሉ ላይ ሳይሆን ከሥሩ። ችግኞቹንም ከተለመደው ትንሽ አራርቄ እተክላለሁ።

አንዳንዶች ባሕር ዛፍ ሥርስ ይሉኛል። እኔ አልሞክረውም። ውሃውን ይሻማል፤ ከቅጠሉ የሚወጣው ንጥረ ነገርም የሌላውን ዘር እንዳይበቅል ያዳክማል። ግቢያችሁ ውስጥ ካለ መደቡን ከእሱ ራቅ አድርጉት፣ ቅጠሉንም ለጉዝጓዝ አትጠቀሙበት።