ጅማን በጓዳ በር

ጅማ ሄዶ ሆቴል የሚበላ ሰው ከኪሱም ከሆዱም ይጎዳል። የመጀመሪያውን ምሽት ለዚህ ምስክር አድርጌ አቀርባለሁ።

ከደብረ ብርሃን መጥቼ አዲስ አበባ አደርኩና በማለዳው አውቶቡስ ወጣሁ። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወሊሶ ላይ ቁርስ፣ ጊቤ ሸለቆ ላይ ሙቀት፤ ሌላውን ተኝቼ አለፍኩት። የነቃሁት ከተማዋ ስትቃረብ ነው። ኅዳር ስለነበር ቡና በየደጃፉ ተሰጥቷል፤ ግማሹ ገና ቀይ ነው፣ ግማሹ ጠቁሮ ጀንፈል ሆኗል። ዶሮዎች ይመላለሱበታል፣ ማንም ዞር በሉ አይላቸውም። እኛ አገር ስጥ ላይ የወጣች ዶሮ በድንጋይ ነው የምትሸኘው።

መናኸሪያ ስወርድ አንድ የባጃጅ ልጅ ፈረንጅ አራዳ የሚባለው ሰፈር ለማድረስ 200 ብር ጠየቀኝ። በ150 ተስማማን። መንገድ ላይ ደብተር የያዘች ልጅ ጭኖ ከኔው ጋር አንድ ቦታ ወረደች፤ 10 ብር ሰጠችው፣ አመሰገናት። እኔን አላመሰገነኝም።

ሆቴሉ ከውጭ ሲያዩት ደህና ነው። ልዩ ጥብስ አዘዝኩ። ልዩነቱ ዋጋው ላይ ነበር፤ ሥጋው ከጥርሴ ጋር ሲታገል አመሸ። ቡና ስጠይቅ የማሽን ቡና መጣ፣ አሮ የመረረ። ደጁ ላይ ቡና በተሰጣበት ከተማ! ክፍሌ ከመጠጥ ቤቱ በላይ ስለነበር እስከ ሌሊቱ 7 ሰዓት አልጋዬ ከዘፈኑ ጋር አብሮ ይርገበገብ ነበር። ዘፈኑ ሲያበቃ ውሻው ተረከበ። ጠዋት ቧንቧው አየር ብቻ ተነፈሰብኝ፤ በላስቲክ ውኃ ፊቴን ታጠብኩ።

ጅማ የሄድኩት ዩኒቨርሲቲ አብሮኝ የተማረ ጓደኛዬን ለመጠየቅ ነው። ሌሊት ቤት ማንኳኳት ነውር መስሎኝ ነበር ሆቴል ያደርኩት። ጠዋት ስደውል ስልኩን እናቱ ተቀበሉት።

«የት አደርክ?»

«ሆቴል ነው እማማ።»

«ሆቴል? ምነው፣ ቤታችን ተቃጥሏል እንዴ?»

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ጓደኛዬ መጥቶ ቦርሳዬን እንደ እስረኛ ዕቃ ይዞት ሄደ።

ቤታቸው ሄርማታ ገበያ አጠገብ ነው። ገና ጫማዬን ሳላወልቅ እማማ «ዛሬ ረቡዕ ነው፣ ትጾማለህ አይደል?» አሉኝ። እውነቱን ለመናገር ረቡዕን የማስታውሰው ሥጋ ቤት ተዘግቶ ሳገኘው ነው። ግን አንዲት ሙስሊም እናት ጾሜን አስታውሰው እየጠየቁኝ አልጾምም ማለት አልቻልኩም። «አዎ እማማ» አልኩ። በኋላ ጓደኛዬ እንደነገረኝ ሽሮዬ የተሠራው ከጎረቤት በተዋሱት ድስት ነው። የቤቱ ድስት ቅቤ የለመደ ነው፣ ይሸተዋል ብለው ነው።

ከሽሮው ጋር ጎመን በዘይት፣ የተቀቀለ ጎደሬ፣ ቃሪያው ከነጭ ሽንኩርት ጋር ገና የተፈጨ ቆጭቆጫ ቀረበ። ጎደሬው መጀመሪያ ከእጄ ሊያመልጥ ሞከረ፣ ያዳልጣል። ቆጭቆጫው ሲነካው ግን ሌላ ምግብ ሆነ፤ ላብ በግንባሬ ወረደ፣ እጄም አላቆመም። ጓደኛዬ ከድንች ይበልጣል ሲለኝ ዝም አልኩ። የደብረ ብርሃን ሰው ድንች ሲሰደብ ዝም ማለቱ ራሱ ለጎደሬው ትልቅ ምስጋና ነው።

ቡናውን ያፈላችው ታናሽ እህቱ ናት። «ስኳር ወይስ ጨው?» ብላ ጠየቀችኝ። ጨው አልኩ፣ ለመሞከር ያህል። የመጀመሪያው ስኒ ግራ አጋባኝ፣ ሁለተኛውን ራሴ ጠየቅኩ። የትናንቱን የማሽን ቡና ነግሬያት ነበር፤ «ያ እኮ ለእንግዳ ነው» አለችኝ፣ እኔ እንግዳ ያልሆንኩ ይመስል።

ሐሙስ ጠዋት ግቢው ውስጥ እግሩ የታሰረ ቀይ አውራ ዶሮ አየሁ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። እማማ ዶሮውን ከጎን ላለው ክርስቲያን ቤተሰብ ላኩት፤ አባወራው ባረከው፣ ሚስቱ በራሷ ድስት ከቀትር ጀምራ ሽንኩርት ታቁላላ ጀመር። የእስላም ሥጋና የክርስቲያን ሥጋ በሚለይበት አገር ሙስሊም እናት ለክርስቲያን እንግዳ ዶሮ መሥራት ከፈለጉ መንገዱ ይህ ነው፦ ገንዘቡ የእሳቸው፣ ቢላዋውና ድስቱ የጎረቤት። ሁለቱ ቤቶች ይህን ለማድረግ ብዙ አልተነጋገሩም። ልማድ ሆኖባቸዋል።

ማታ ጎረቤቷ ድስቱን በነጠላዋ ጫፍ ይዛ ከባሏ ጋር ገባች። እማማና ልጆቻቸው በአንድ ትሪ ምስር፣ እኛ ሦስታችን በሌላው ዶሮ። አንድ ዶሮ ለሦስት ሰው! እናቴ ከአንድ ዶሮ 12 ብልት አውጥታ ስታበቃ ለልጅ የሚደርሰው ክንፍ ነበር። እዚህ ፈረሰኛው ለኔ ወጣ፣ ቀጥሎ እግር፣ ቀጥሎ ሁለተኛው እግር። እጄ በዘገየ ቁጥር እማማ ከወዲያኛው ትሪ «ኛዹ ያ ኢልማ ኮ!» ይሉኛል፤ ኦሮምኛ ባልችልም ብላ መባሌ አልጠፋኝም። እኛ ዘንድ እንግዳ ሦስት ጊዜ «በቃኝ» ካለ ይታመናል። እዚህ አይታመንም።

ከጠዋቱ ጨጨብሳና ከዚያ ዶሮ መካከል ከተማ ዞርኩ። (ጨጨብሳው ማር ፈሶበት ነበር። ደብረ ብርሃን ብርድ ላይ ይህን የሚሸጥልኝ ቢኖር ግማሽ ደሞዜን እከፍል ነበር።) ጂረን ላይ ያለውን የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት አይቻለሁ። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 እ.ኤ.አ. ጅማን የገዙ ናቸው። እንጨቱ ያምራል፣ ከዚያ ከፍታ ላይ ከተማዋ በአረንጓዴ ውስጥ ተሸጉጣ ትታያለች። ግን ልቤ የነበረው ታች፣ የሐሙስ ገበያ ላይ ነው።

ሄርማታ ሐሙስ እግር የሚያስገባ ቦታ የለም። ኮረሪማ በገመድ ተሰክቶ እንደ መቁጠሪያ ይንጠለጠላል፤ አንዷን ፍሬ በጥርሴ ሰበርኩና ሻጯ ሳትናገረኝ ገዛሁ። ማር ሻጮቹ በጣት ያስቀምሳሉ፤ ከአምስቱ ቀምሼ ከአንዱ ነው የገዛሁት፣ አራቱ ቅር ያላቸው አይመስለኝም። ከዚያ በርጩማ። የጅማ በርጩማ ከአንድ ግንድ ነው የሚፈለፈለው፣ ሦስቱ እግሮች የተቀጠሉ አይደሉም፤ ለዚህ ነው የማይነቃነቀው። ሰውየው 1,500 አለኝ። ዞር ስል 1,200፣ ስመለስ 900። ከዚያ በላይ መከራከር ይቻል ነበር፣ ግን በእጁ ላይ ያለው የጥርብ ጠባሳ አሳፈረኝ።

አመሻሹን ፈረንጅ አራዳ ስንሄድ ጣሊያን የሠራቸው ቤቶች ሥር ወጣቱ ሁሉ ወጥቷል። መንገድ ዳር ሣር ጎዝጉዛ ቡና የምታፈላ ሴት አጠገብ ቁጭ አልን፤ 15 ብር፣ ከፈንዲሻ ጋር። ከሆቴሉ ማዶ ናት። እዚያው መስኮት ሥር ተቀምጬ ያደርኩበትን ክፍል ቀና ብዬ አየሁት፣ ዘፈኑ ጀምሯል።

ዓርብ በማለዳ ስመለስ የአውቶቡሱ ረዳት በርጩማውን አይቶ «ዕቃ ነው፣ 100 ብር» አለኝ። ተከራክረን በ50 ገባ፣ መተላለፊያው ላይ ተቀመጠ። ሰርቦን እንዳለፍን ረዳቱ አንድ ትርፍ ሰው ጫነና በርጩማዬ ላይ አስቀመጠው፣ ሙሉ ሂሳብም ተቀበለው። ለወንበሩ 50 ብር የከፈልኩት እኔ ነኝ። ሰውየው እስከ ወልቂጤ ተመቻችቶ ሲሄድ «ጥሩ ወንበር ነው፣ በስንት ገዛኸው?» አለኝ።

1,500 አልኩት።