ከጅግጅጋ ወደ ሐርጌሳ፣ የ1897ን መስመር አቋርጬ

ከጅግጅጋ ወደ ቶጎ ውጫሌ መንገዱ ሜዳ ለሜዳ ነው። ግመል፣ በግ፣ ጫት ጭና የምትበር መኪና፣ እንደገና ግመል። ኢትዮጵያ የት አልቃ ሶማሌላንድ የት እንደምትጀምር መሬቱን አይቶ መናገር አይቻልም። አጠገቤ የተቀመጡትን አዛውንት አገርዎ የትኛው ነው ብዬ ብጠይቃቸው «ልጄ፣ ዝናብ የጣለበት ነዋ» አሉኝ።

መስመሩ ግን አለ፣ የተፈረመውም አዲስ አበባ ነው። ዘመኑ 1897 (በፈረንጆች ነው የምቆጥረው)፣ ከዓድዋ ድል በኋላ ዓመት ሲያልፍ። እንግሊዝ ሬኔል ሮድ የሚባል መልእክተኛ ወደ ምኒልክ ላከች። ፈረንሳይ ጅቡቲ ላይ ተቀምጣለች፣ ሱዳንን መሐዲስቶች ይዘዋል፣ እና የእንግሊዝ ትልቁ ስጋት ምኒልክ ከእነዚህ ጋር እንዳይገጥሙባት ነበር። ስለዚህ ከሐውድ የግጦሽ ምድር ሰፊውን ክፍል ለኢትዮጵያ ለቀቀች። ከዚያ በፊት ግን በ1880ዎቹ ከሶማሌ ጎሳዎች ጋር የጥበቃ ውል ተፈራርማ ነበር፤ አሁን እነሱን የጠየቃቸው የለም። እረኛው ወዲህም ወዲያም ያግጥ የሚል አንቀጽ ገባ፣ በቃ።

ቅኝ አልተገዛንም ስንል እውነት ነው፣ ደስም ይለኛል። ግን በዚህ ወረቀት ላይ የእኛም ማኅተም አለ፣ ይህንን ትምህርት ቤት ማንም አልነገረኝም።

በ1954 እንግሊዝ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ካለፈ በኋላም ስታስተዳድረው የቆየችውን ሐውድን ለአጼ ኃይለ ሥላሴ መንግሥት ለማስረከብ ስትፈርም፣ ሶማሌዎች ለንደን ድረስ ሄደው ተሟገቱ፣ አልሆነላቸውም። በ1960 ነጻ የወጣችው ሶማሊያ ባንዲራ ላይ ያለው ኮከብ አምስት ጫፍ አለው፤ አንዱ ጫፍ ኦጋዴን ነው። በ1964 ተዋጋን፣ በ1977 ደግሞ ያ ሁሉ ወጣት ያለቀበት ጦርነት መጣ። ካራማራን ያለፈ ሰው ያውቀዋል።

ሐርጌሳ መሃል ከተማ ላይ ሚግ አውሮፕላን ሐውልት ሆኖ ቆሟል። በ1988 ከተማዋን የደበደባት የገዛ መንግሥቷ፣ የሶማሊያው መሪ የዚያድ ባሬ አየር ኃይል ነው። ሕዝቡ የሸሸው ወዴት መሰላችሁ? ወደ ሐርትሼክ፣ ያ መስመር ወደ ኢትዮጵያ ወደከተተው ሐውድ። እዚያ የተቀበላቸው ወገናቸው ነበር።

ሻይ የጋበዘኝ አስተማሪ አያቶቹ ድንበሩን ይረግሙት እንደነበር አጫወተኝ። ሶማሌላንድ በ1991 ከሶማሊያ ተለይታ ነጻነቷን ስታውጅ ግን የያዘችው ያንኑ የእንግሊዝ ካርታ ነው፣ እንደ አገር እወቁኝ የሚለው ክርክሯ ሁሉ እሱ ላይ ቆሟል። «ታዲያ ሌላ ምን ማስረጃ አለን?» አለኝ፣ እኔም መልስ አልነበረኝም። በምሥራቅ ግን እንግሊዝና ጣሊያን በ1894 የተካፈሉበት ሌላ መስመር አለ፣ ከዚያ ወዲህ ያለችው የላስ አኖድ ከተማ ደግሞ በዚህ ካርታ መተዳደር አንፈልግም ብላ በ2023 ወራት የፈጀ ውጊያ ተደረገባት። ወደዚያ መሄድ ፈልጌ ነበር፣ አስተማሪው መንገዱ ዝግ ነው ብሎ ከለከለኝ።