የበዓሏ ዶሮ

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለአዲሱ ዓመት በሰላም አደረሳችሁ!

አደይ አበባ ማንም ሳይዘራት በየሜዳው ፈክታለች። በበዓሉ ገበታ ላይ ያለው ግን ከሞላ ጎደል ሁሉም የሰው እጅ ያረፈበት ነው። ጤፉን ብናይ፣ የዱር ዘመዶቹ ፍሬያቸው ሲደርስ መሬት ላይ ያራግፉታል። ያላራገፈውን እየለቀሙ፣ መልሰው እየዘሩ እዚህ ያደረሱልን ገበሬዎች ናቸው። ስማቸውን ማንም አልጻፈውም።

ዛሬ በተለይ ማውራት የፈለግኩት ግን ስለ ዶሮ ነው። ሰሞኑን ሁሉም የሚያነሳው ዋጋዋን ነው። እስቲ ስለ ራሷም እናውራ።

ቅድመ አያቷ ዛሬም በደቡብ ምሥራቅ እስያ ጫካ አለች። ድንጉጥ ናት፣ ማታ ዛፍ ላይ ታድራለች፣ በዓመት የምትጥለውም ቢበዛ አሥራ ምናምን ዕንቁላል ነው። ታይላንድ ውስጥ ባን ኖን ዋት በተባለ ቦታ የተገኙት የለማዳ ዶሮ አጥንቶች 3,500 ዓመት ገደማ ይሆናቸዋል። እኛም ዘንድ እንግዳ አይደለችም። ትግራይ ውስጥ መዝብር በተባለ ቦታ ከክርስቶስ ልደት በፊት የነበሩ የዶሮ አጥንቶች በቁፋሮ ወጥተዋል፤ በአፍሪካ ከሚታወቁት ቀደምቶች መካከል ናቸው።

የሐበሻ ዶሮ ስትታቀፍ ያየ ሰው አይረሳውም። ላባዋን ነፍታ ትቀመጣለች። ዕንቁላሉን በመንቁሯ ታገላብጣለች። ለውሃና ለጥሬ ብቻ ብድግ ትልና ቶሎ ትመለሳለች። እጁን የሰደደባትን ሰው አትምርም። 21 ቀን እንዲህ ናት።

የፈረንጇ ዶሮ በዓመት 300 ገደማ ትጥላለች፤ መታቀፍ ግን ከሞላ ጎደል ጠፍቶባታል። የምትታቀፍ ዶሮ መጣል ስለምታቆም፣ የማትታቀፈውን እየመረጥን አራባናት። ለሥጋ የምትረባዋ ደግሞ በ6 ሳምንት ለቢላ ትደርሳለች። ሰውነቷ ከእግሯ አቅም በላይ ስለሚከብድ አንዳንዷ መራመድ ያቅታታል። ጥቅሙን አልክድም፤ በዚህ ምክንያት ዕንቁላል የቀመሰ ልጅ ብዙ ነው። ቢሆንም እናትነቷን ወስደንባታል፣ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

ለዚህ ነው ገበያ ውስጥ እግሯ ታስሮ፣ ቁልቁል ተንጠልጥላ፣ አፏን ከፍታ ስታለከልክ ሳያት የሚያመኝ። ዶሮ የሆድ ዕቃዋን ከመተንፈሻዋ የሚለይ እንደኛ ያለ ግድግዳ የላትም። ስትዘቀዘቅ ሁሉም እዚያው ላይ ይጫናታል፣ መተንፈስ ይከብዳታል። ልማድ ሆኖብን ነው እንጂ ማንም ጨክኖ የሚያደርገው አይመስለኝም።

እባካችሁ፣ ዘንድሮ ዶሮ የምትገዙ ብብታችሁ ሥር አቅፋችሁ ውሰዷት። ቤት ስትደርሱ ጥላ ያለበት ቦታ አስቀምጧት፣ ውሃ ስጧት። ግቢ ያላችሁ ደግሞ አንዲት የሐበሻ ቄብ አስቀሩና ስትደርስ ታቅፋ ትፈልፍል። ልጆቻችሁም ቆመው ይዩ።

በውጭ አገር ሆናችሁ በበረዶ የደረቀውን ዶሮ 12 ብልት ለማውጣት የምትታገሉም፣ ወጡ ሳይፈራርስ ይድረስላችሁ! ዘመኑ የሰላም፣ የጤናና የጥጋብ ይሁንላችሁ። መልካም አዲስ ዓመት!