ሊዮንን ያስጮኸው ቡናዬ

ፈረንሳይ ውስጥ ቡና የለም ብል የሚጣላኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ካፌውማ በየመታጠፊያው ነው። በተማሪ ኪስ የሚደረስበት ቡና ግን ፋኩልቲው ኮሪደር ላይ ካለው ማሽን የሚወርደው ነው፤ ሳንቲም ትከታለህ፣ ማሽኑ ያጓራል፣ ከዚያ ሙቅ የሆነ ነገር ይወርዳል። ስለዚህ እናቴ ካልሲዎቼ መሃል ሸጉጣ የላከችውን ጥሬ ቡና አንድ ቀን መቁላቴ አይቀርም ነበር።

ችግሩ ክፍሉ ነው። ሊዮን የምኖርበት የተማሪ ማደሪያ ክፍሌ 9 ካሬ ሜትር ነው፤ አልጋው ላይ ተቀምጬ በሩን መክፈት እችላለሁ። ጣሪያው ላይ የጭስ ጠቋሚ አለ፤ ከ2015 ወዲህ በየመኖሪያ ቤቱ በሕግ የግድ ነው። የኔው ደግሞ እንኳን የቡና ጭስ፣ የሻወር እንፋሎት ሲደርሰው የሚያለቅስ ሆደ ባሻ ነው። የጋራው ወጥ ቤት ከጠዋት እስከ ማታ በፓስታ ቀቃዮች እንደተያዘ ነው። መላውን የነገረኝ ሴኔጋላዊው ጎረቤቴ ነው፦ «ወንድሜ፣ የሻወር ኮፍያ አልብሰው።»

ረቡዕ ጠዋት ክፍለ ጊዜ አልነበረኝም። ጠቋሚውን ኮፍያ አለበስኩት፣ መስኮቱን በረገድኩት፣ በኪራይ ውሉ ላይ በደማቁ የተከለከለችውን ትንሽ የኤሌክትሪክ ስቶቭ ከአልጋ ሥር አወጣኋት። ቡናው ቀላ፣ ተንጣጣ፣ ወዙ መጣ። ጭሱ ሽቅብ ሲወጣ ዓይኔን ጨፍኜ ሳሎናችን ደርሼ ነበር። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን ከተማው ጮኸ።

ጠቋሚው አይደለም። ከተማው። ከፉርቪየር ኮረብታ ይሁን ከሮን ወንዝ ማዶ የማይታወቅ፣ ከፍ ዝቅ የሚል የሳይረን እሪታ።

መጀመሪያ ወደ ጣሪያው አንጋጠጥኩ። ኮፍያውን እንደደፋ ጭጭ ብሏል። እንግዲያው ጭሴ በመስኮት ወጥቶ የሊዮንን ትልቁን ጠቋሚ አግኝቶታል ማለት ነው። እንዲህ ነው ያሰብኩት፤ ሲደነግጡ ማስተርስ አይሠራም። ቀጥሎ ቀኑ ረቡዕ መሆኑ ታወሰኝ፤ ጠዋት የበላሁት ክሮሳን ደግሞ በቅቤ የተጋገረ ነበር። ፈጣሪ ለአንድ ክሮሳን ይህን ያህል ይቆጣል? ሦስተኛው ሐሳቤ ጦርነት ነው፤ እሱ ሲመጣ ስቶቩን ነቀልኩ፣ ፓስፖርቴንና የመኖሪያ ፈቃዴን ኪሴ ከተትኩ፣ ምጣዱን በፎጣ ይዤ በፒጃማና በነጠላ ጫማ ደረጃውን ወረድኩ። ምጣዱን ለምን? ለጠላት የእናቴን ቡና ትቼ ልሄድ?

ግቢው ውስጥ የሚሮጥ ሰው የለም። አንዱ ሲጋራውን ያጨሳል። አንዷ ሣሩ ላይ ተቀምጣ ሳንድዊች ትገምጣለች። ሳይረኑ እየጮኸ «ምንድን ነው?» ስላት ቀና እንኳ ሳትል «የወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ ነው እኮ» አለችኝ። ለካ በየወሩ የመጀመሪያ ረቡዕ፣ እኩለ ቀን ላይ፣ አገሩ በሙሉ የአደጋ ሳይረኑን ይሞክራል። ሙከራው 1 ደቂቃ ከ41 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ለእኔ የሁዳዴን ጾም ያህል ረዘመብኝ። የእውነቱ አደጋ ሲመጣ ሦስቴ ይደጋገማል አሉ። ይህን ለአዲስ ገቢ ተማሪ መንገር ማንን ይጎዳ ነበር?

ተመልሼ ስወጣ በሩ ተቆልፏል። የፈረንሳይ በር ገፋ ካደረጉት በራሱ ይቆለፋል፤ ቁልፉ ጠረጴዛዬ ላይ ነው። ወደ ተቆጣጣሪዋ ቢሮ በረርኩ። ዝግ። ምሳ ወጥታለች፣ እስከ ስምንት ሰዓት አትመለስም። እዚህ አገር ከምሳ ሰዓት በላይ ባለሥልጣን የለም።

ግቢው ውስጥ ምጣዴን ታቅፌ ቆምኩ። ሽታው ሰው መጥራት ጀመረ። ታዲያ የተቆላ ቡና ይዘህ ሰው መጥቶ ሲከብህ ምን ታደርጋለህ? ምጣዱን ዘረጋሁና ያደግኩበትን አደረግኩ፤ በየተራ አዞርኩላቸው። እንዲያሸቱ ነው። አጫሹ ጭሱን በእጁ ወደ አፍንጫው ሳበ፤ ሳንድዊች በይዋ ግን ሦስት ፍሬ አንስታ ቆረጠመች፣ «መርሲ» አለችና ለጓደኛዋም ዘገነችላት። ሴኔጋላዊው ከመስኮቱ እያየ ሆዱን ይዞ ይስቃል።

ስምንት ሰዓት ላይ ተቆጣጣሪዋ መጣች፣ በሩን ከፈተችልኝ፣ ገባች። ስቶቩን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀና አለች፤ አበባ የታተመበት የሻወር ኮፍያ ከጣሪያ ላይ ቁልቁል ያያታል።

«መሲዩ ወልደማርያም» አለች።

ወልደማርያም አያቴ ናቸው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም ብዬ ብዙ ቢሮ ተናግሬ ደክሞኛል፤ ፓስፖርቴ ላይ መጨረሻ የተጻፉት እሳቸው ስለሆኑ ፈረንሳይ የምታውቀው እሳቸውን ነው። ማስጠንቀቂያው በፖስታ የመጣውም በስማቸው ነው፦ ክፍላቸው ውስጥ ቡና ስለቆሉና የጭስ ጠቋሚ ስለሸፈኑ ቀርበው ያስረዱ ይላል።

ማታ ደውዬ ለእናቴ አነበብኩላት። ዝም ብላ ሰማችና፣ «ኧረ በስመአብ!» አለች። «ጋሼ እኮ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ቡና በአፋቸው ዞሮ አያውቅም።»