«ሃርድሊ» ያለችበት ቃለ መጠይቅ

ለመጀመሪያው የሥራ ቃለ መጠይቅ የሄድኩት አንዲት የእንግሊዝኛ ዓረፍተ ነገር በቃሌ ሸምድጄ ነበር። ሌሊቱን ሙሉ ስደጋግማት አድሬ፣ ጠያቂዋ ስለ ራሴ እንድነግራት ገና ስትጀምር ለቀቅኳት፦ «አይ ካን ወርክ ቬሪ ሃርድሊ»። ጠንክሬ መሥራት እችላለሁ ማለቴ ነው።

ሴትዮዋ ብዕሯን አቆመች። ቀና ብላ አየችኝና ወገቤን ያመኝ እንደሆነ ጠየቀችኝ። ሥራው ከባድ ዕቃ ማንሳት ስላለበት ተጨንቃ ነው ብዬ ደረቴን ነፋሁ። «ኖ፣ ኖ! አይ ካን ወርክ ሃርድሊ ኤቭሪ ደይ» አልኳት። እንዳልጠራጠር ብላ ይሁን አዝናልኝ አላውቅም፣ አልሳቀችም። አንድ ነገር ጻፈችና እንደምትደውልልኝ ነግራኝ ተሰነባበትን። አልደወለችም።

ምን እንደተናገርኩ የገባኝ ከ8 ወር በኋላ ነው። በሌላ ድርጅት መጋዘን ውስጥ በሌሊት ፈረቃ ካርቶን እደረድራለሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ ከማሸጊያው ማሽን አጠገብ ቆሞ በስልክ ያወራል፤ ማሽኑ ደግሞ ያጓራል። ሰውዬው አንዱን ጆሮውን በመዳፉ ደፍኖ «አይ ካን ሃርድሊ ሂር ዩ!» እያለ ወደ በሩ ሮጠ። እኔ ካርቶኔን እንደታቀፍኩ ቀረሁ። አጥርቶ የሚሰማ ሰው ጆሮውን ይዞ አይሮጥማ! ሲመለስ ጠየቅኩት። «ልሰማው አልቻልኩም ለማለት ትንሽ የቀረው ነው» ብሎ አስረዳኝ።

ስለዚህ ያቺን ሴትዮ «ሥራ መሥራት ያቅተኛል» ብያት ነበር። ያውም «በጣም»፣ ያውም «በየቀኑ»። የወገቤን ነገር መጠየቋ ደግነት ኖሯል።

ጥፋቱ ከሰነፍነት የመጣ ቢሆን ባልተናደድኩ። የመጣው ከደንብ አክባሪነት ነው። ትምህርት ቤት የተማርነው አንድ ሕግ ነበር፦ ቅጽሉ ላይ «ሊ» ጨምርበት፣ ተውሳከ ግስ ይሆንልሃል። ስሎው ስሎውሊ ይሆናል፣ ኬርፉል ኬርፉሊ ይሆናል። ሃርድ ሃርድሊ ቢሆን ምን ይገርማል? ሃርድ ግን እንዳለ ነው የሚሠራው፤ «ወርክ ሃርድ» ይባላል፣ በቃ። «ሊ» ስትጨመርበት «እምብዛም»፣ «በጭንቅ» ወደሚል ሌላ ቃል ይለወጣል። ሌይትም እንደዚሁ ከዳተኛ ነው። ሌይት ዘግይቶ ሲሆን ሌይትሊ ሰሞኑን ማለት ነው። ለአለቃዬ ነገ አርፍጄ እመጣለሁ ለማለት «አይ ካን ካም ሌይትሊ» ብዬ አውቃለሁ፤ ምን እንደተረዳ እሱ ይወቅ። ፋስት ደግሞ ጭራሽ «ሊ» አይቀበልም። ፋስትሊ የሚባል ቃል የለም። እኔ ግን ያለኀፍረት ስጠቀምበት ኖሬያለሁ።

ቆይቼ ሳስበው የእኛ ቋንቋም እጁ አለበት። አማርኛ ሥራው እንዴት እንደተሠራ ሲናገር ብዙ ጊዜ ግስ በግስ ላይ ይደርባል፦ ጠንክሬ እሠራለሁ፣ ፈጥኜ እጽፋለሁ፣ ተጠንቅቄ እነዳለሁ። አለዚያም «በ»ን ያስቀድማል፦ በደንብ፣ በፍጥነት፣ በጥንቃቄ። እንደ «ቶሎ»፣ «ገና» እና «ክፉኛ» ለዚሁ ብለው የተፈጠሩት ቃላት ጥቂት ናቸው። ከዚህ የመጣ ሰው እንግሊዝኛ ውስጥ አንዲት ምቹ ቅጥያ ሲያገኝ በሁሉም ላይ ይለጥፋታል። እኔ ለጥፌያለሁ።

በመጋዘኑ ብዙ ዓመት የሠሩ፣ ቀድሞ አስተማሪ የነበሩ አንድ የአገራችን ሰው ነበሩ። ጋሼ እላቸው ነበር። አንድ ቀን ለአዲስ ሠራተኛ «አይ ካን ስፒክ ኢንግሊሽ ጉድ» እያልኩ ስመጻደቅ ሰሙኝ።

«እውነትህን ነው ልጄ፣ ጉድ ነው የምትናገረው» አሉኝ።

ከዚያ በኋላ በየእረፍቱ ያስተምሩኝ ጀመር። ጉድ ለነገሩ ነው፣ ዌል ለአደራረጉ ነው። እንግሊዝኛህ ጉድ ሊሆን ይችላል፤ የምትናገረው ግን ዌል ነው። «የአገሩ ሰዎች ራሳቸው ጉድ ሲሉ እሰማለሁ» ብዬ ተከራከርኩ፤ እውነትም በወሬ መሐል ይላሉ። «እነሱ ቢሳሳቱ ቀልድ ነው፤ አንተ ብትሳሳት አለማወቅ ነው» አሉኝ። ይህ ፍርድ አሁንም ድረስ ያበሳጨኛል፣ ግን ልክ ነበሩ።

ቦታውንም ያሳዩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ «ስፒክ ዌል ኢንግሊሽ» እል ነበር። እንግሊዝኛ ግሱንና ተሳቢውን እንዲህ ባለ ቃል መለያየት አይወድም፤ ዌል መጨረሻ ላይ ትቆማለች፦ «አይ ካን ስፒክ ኢንግሊሽ ዌል»። ኢዚሊን (በቀላሉ) የመሰሉት ደግሞ ከካን ቀጥለው ይገባሉ፦ «አይ ካን ኢዚሊ ሊፍት ኢት»። ቬሪ ብቻዋን ግስ አትሸከምም። እኛ «በጣም እችላለሁ» እንላለን፤ «ቬሪ ካን» ግን የለም፣ «ቬሪ ዌል» ነው።

ከሁሉም ያስደነገጠችኝ ግን ሪሊ ናት።

አንድ ሌሊት የፎርክሊፍቱ፣ የዕቃ ማንሻው መኪና፣ ነጂ ታሞ ቀረ። ተቆጣጣሪው ወደ እኔ መጥቶ ፎርክሊፍት መንዳት እችል እንደሆነ ጠየቀኝ። እኔ ያን ማሽን ነክቼው አላውቅም፤ ሥልጠናም የለኝም። በአማርኛ «በእውነት አልችልም» የምትለዋን አሰብኩና «አይ ካንት ሪሊ ድራይቭ ኢት» አልኩ። ሰውዬው ፈገግ አለ። ችግር የለም፣ ቀስ ብለህ ንዳው ብሎ ቁልፉን ዘረጋልኝ። ሥልጠና የሌለውን ሰው ፎርክሊፍት ላይ ማስቀመጥ የእሱ ጥፋት ነው። የእኔም መልስ ግን በሩን ከፍቶለታል።

ጋሼ ከመደርደሪያው ጀርባ ብቅ አሉ። «ሂ ሪሊ ካንት» አሉት። ተቆጣጣሪው አንዴ እሳቸውን አንዴ እኔን አየና ቁልፉን ወደ ኪሱ መለሰ።

አራት ቃል እንኳን አልሞላም። የተለወጠው የሪሊ መቀመጫ ብቻ ነው። «ካንት ሪሊ» ሲባል አሉታው በሪሊ ላይ ያርፋል፤ «ያን ያህል አልችልም፣ እሞካክራለሁ» እንደማለት ይሆናል። «ሪሊ ካንት» ሲባል ሪሊ በአሉታው ላይ ታርፋለች፤ «አለመቻሌ እውነት ነው» ይሆናል። በአማርኛ መቻሉም አሉታውም «አልችልም» በምትባል አንዲት ቃል ውስጥ ተጠቅልለዋል፤ «በእውነት»ን መሐላቸው ላስገባ ብትልም መግቢያ የለም። እንግሊዝኛ ግን ነጣጥሎ ስለሚያስቀምጣቸው፣ ከካንት በፊትና በኋላ ሁለት በር አለ። የትኛውን እንዳንኳኳህ ካላወቅህ ቁልፍ ይሰጥሃል።

ሌላው ትሕትናችን ነው። አንድ ነገር ትችላለህ ስንባል «እሞክራለሁ» እንላለን፤ አሳምረን የምንችለውን ሁሉ። «አይ ትራይ» ብለህ ብትተረጉመው እየታገለ ያልተሳካለት ሰው ትሆናለህ። የምትችለውን በልኩ ለመናገር ደረጃዎቹን ማወቅ ይጠይቃል፦ «ፌርሊ ዌል» ደህና አድርጎ፣ «ፕሪቲ ዌል» ከዚያ ትንሽ ከፍ ብሎ፣ «ቬሪ ዌል» እጅግ በሚገባ። ኳይትን ግን እስካሁን እፈራታለሁ። በአሜሪካኖች አፍ «ኳይት ጉድ» ብዙውን ጊዜ ማሞገስ ነው፣ በእንግሊዞች አፍ «ምንም አይልም» ሊሆን ይችላል። ያመሰገነህን ሰው መጀመሪያ የየት አገር እንደሆነ መጠየቅ አለብህ ማለት ነው።

ካን ራሷም ብትሆን ቀላል አይደለችም። የቋንቋው ባለቤቶች «አይ ካን ዱ ኢት» ሲሉ ካንን ዋጥ አድርገው «ክን» ነው የሚሏት፤ ጉልበታቸውን በዱ ላይ ያሳርፋሉ። ካንት ስትሆን ነው ድምፃቸውን ጠበቅ የሚያደርጉት። እኔ እችላለሁ ለማለት ካንን ረግጬ ስናገር ስንቱ አልችልም እንዳልኩ አድርጎ ሰምቶኝ ይሆን?

ባለፈው ዓመት ለሌላ ሥራ ቃለ መጠይቅ ተጠራሁ። የቢሮ ሥራ ነው። ጠያቂዋ እንግሊዝኛዬን እንዴት እንደማየው ጠየቀችኝ። «ፌርሊ ዌል» እናገራለሁ አልኳት። ከዚያ ሳላስበው እውነቱ አመለጠኝ፤ በስልክ ሲሆን ግን «አይ ካን ሃርድሊ አንደርስታንድ ፒፕል» አልኩ።

ብዕሯን አቆመች። ልቤ ቀጥ አለ።

«በስልክማ እኔም» አለችና ሳቀች።