የታጠነው ተርኪ እንዳይደርቅባችሁ

አሜሪካ ያላችሁ፣ ለታንክስጊቪንግ በጭስ የታጠነ ተርኪ የምትገዙ ወገኖቼ፣ እባካችሁ እንደ ጥሬ ዶሮ ለሰዓታት አትጋግሩት! መለያው ላይ ሙሉ በሙሉ የበሰለ መሆኑ ከተጻፈ የእናንተ ሥራ ማሞቅ ብቻ ነው።

በረዶ ከሆነ ፍሪጅ ውስጥ ይቅለጥ። ለእያንዳንዱ 4 ወይም 5 ፓውንድ አንድ ሙሉ ቀን ስለሚፈልግ፣ 12 ፓውንዱን ሰኞ ካላወጣችሁት ለበዓሉ ቀን፣ ለሐሙስ አይደርስም። ከዚያ ትሪው ላይ ትንሽ መረቅ ጨምሩ፣ በፎይል ግጥም አድርጋችሁ ሸፍኑት፣ ኦቨኑን 325 ፋራናይት ላይ አድርጉ። ከነፋብሪካ እሽጉ የመጣ ከሆነ ውስጡ 140 ሲደርስ ይበቃል፤ ሌላ ቦታ የታሸገ ወይም የተረፈ ከሆነ ግን 165 መድረስ አለበት። የበሰለ ሃም (የአሳማ ሥጋ) ለሚበላም ልኩ ይኸው ነው። በቴርሞሜትር ለኩ እንጂ በዓይን አትገምቱ፣ ምክንያቱም የታጠነ ሥጋ በስሎም ሮዝ ሊሆን ይችላል።

በስሱ ቆርጣችሁ ከአዋዜ ጋር አቅርቡት፣ በጣም ይጣፍጣል። ጾመ ነቢያት ከገባ ለጿሚዎቹ ሽሮና ጎመን ለብቻ ይሠራላቸው፣ ማንኪያውም አይቀላቀል።

የተረፈውን 2 ሰዓት ሳይሞላው ፍሪጅ አስገቡት፣ በ3 ወይም 4 ቀን ውስጥ ይበላ። አጥንቱን ደግሞ እንዳትጥሉት፣ ጎመን በሥጋ ሥሩበት።