ለገብርኤል ተስዬ ነበር፤ ይኸው ምስክርነቴ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፣ አሜን።

ወገኖቼ፣ ይህን የምጽፈው ስለት ስላለብኝ ነው። «ከዚህ ካወጣኸን በሰው ፊት እመሰክራለሁ» ብዬ ለቅዱስ ገብርኤል ተስዬ ነበር። ሰምቶኛል። አሁን ዝም ብል ደስ አይለኝም።

መጀመሪያ የት እንደምንኖር ልንገራችሁ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። እኔና ባለቤቴ ከለንደን ወጣ ብሎ፣ በስተምዕራብ፣ ግራንድ ዩኒየን በሚባለው ካናል፣ ማለትም ሰው በቆፈረው የውሃ መንገድ ላይ፣ ጀልባ ውስጥ ነው የምንኖረው። ናሮውቦት ይሉታል። ጠባብና ረጅም የብረት ጀልባ ነው፤ ወርዱ ከ2 ሜትር እምብዛም አያልፍም፣ የእኛው ርዝመቱ 17 ሜትር ገደማ ነው። እንዲህ የጠበበው ድሮ የድንጋይ ከሰልና ሸቀጥ በፈረስ እየተጎተተ በውሃ ላይ በሚሄድበት ዘመን፣ ሎክ የሚሏቸው፣ ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ የውሃ በሮች በብዙ ቦታ 7 ጫማ ስፋት ብቻ ይዘው ስለተሠሩ ነው። ዛሬ ግን ብዙ ሰው ቤቱ አድርጎታል። የለንደንን የቤት ኪራይ የሚያውቅ ሰው ለምን ብሎ አይጠይቀኝም። አልጋ አለን፣ ኩሽና አለን፣ የከሰል ምድጃ አለን። ሥዕለ አድኖም አለን፤ ጀልባው በቆመ ቁጥር ምሥራቁ ወዴት እንደሆነ እያየን ቦታውን እንቀይራለን።

ቋሚ ማቆሚያ የለንም። በፈረንጆች 1995 በወጣው ሕግ መሠረት ቋሚ ማቆሚያ የሌለው ጀልባ በአንድ ቦታ ከ14 ቀን በላይ አይቆምም፤ መንቀሳቀስ አለበት። ስለዚህ ከየብስ የሚመጣ የመብራት መስመር የለንም። ለእኛ መብራት ኃይል ማለት ሞተሩ ነው። ሞተሩ ሲነሳ ዲናሞው ባትሪዎቹን ይሞላል፤ አምፖሉም፣ የውሃ ፓምፑም፣ ፍሪጁም ከባትሪዎቹ ነው የሚኖሩት። ጣሪያው ላይ ሶላር አለን፣ በሰመር ይበቃናል። በታኅሣሥ ግን እንግሊዝ አገር ፀሐይ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ብቅ ብላ 10 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ያችም ብትሆን ዝቅ ብላ በዛፍ መሀል ነው የምታልፈው። ከሶላሩ የሚገኘው ስልክ ቻርጅ ቢያደርግ ነው።

አሁን ዋናው ነገር። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሹፌር ነው። ሲተኛ ትንፋሹ የሚቋረጥበት ሕመም አለበት። ሐኪም ሲፓፕ የሚባል መሣሪያ ሰጥቶታል፤ ሌሊቱን ሙሉ በጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮው እንዳይዘጋ ያደርጋል። መሣሪያው በኤሌክትሪክ ነው የሚሠራው። ያለሱ ካደረ በማግስቱ ቁጭ ባለበት እንቅልፍ ይጥለዋል። እንቅልፍ የሚጥለው ሰው ደግሞ እዚህ አገር መሪ መያዝ አይፈቀድለትም፣ ትክክልም ነው፤ ከኋላው ስንት ነፍስ ተቀምጧል። እንግዲህ ባትሪው አለቀ ማለት የባለቤቴ ትንፋሽ፣ ከዚያም እንጀራችን አለቀ ማለት ነው።

የፈረንጆች ገና ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሀርፊልድ አካባቢ እየሄድን ሳለ ሞተሩ ጋለ። ነጭ ጭስ ተፋ። ባለቤቴ ወዲያው አጠፋውና እኔ በዳር በኩል ገመዱን ይዤ ጎተትኩ፣ አሰርነው። በስንት ልመና የመጣው መካኒክ ሞተሩን ከፍቶ አየና «የቴስታታው ጓርኒሲዮን ተቃጥሏል» አለን፤ የሞተሩ ራስ ማሸጊያ ማለት ነው። ጥገናው ከበዓሉ በኋላ ነው፤ ዕቃ የሚሸጡትም የሚሠሩትም ሁሉም ዘግተዋል። ካናሉን ለሚያስተዳድረው ትረስት ደውለን ነገርናቸው፣ ሞተሩ እስኪጠገን እዚያው እንድንቆይ ፈቀዱልን። ስለ ቦታው ተገላገልን። መብራቱ ግን?

ከዚያ ቁጠባ ጀመርን። ፍሪጁን አጠፋን፤ ደግነቱ ጾመ ነቢያት ስለነበር የሚበላሽ ሥጋም ወተትም ቤት ውስጥ አልነበረም፣ ሽሮና ምስር ማቀዝቀዣ አይፈልግም። በሻማ አመሸን። የከሰል ምድጃው ኤሌክትሪክ ስለማይጠይቅ ብርዱን ቻልነው፣ ለዚህም ተመስገን ነው። በመሣሪያው ላይም አንድ ነገር ተማርን፤ ይህን የምነግራችሁ ምናልባት ለሌላ ሰው ይጠቅም ይሆናል ብዬ ነው። አብዛኛውን ኃይል የሚበላው አየሩን የሚገፋው ሞተር ሳይሆን አየሩን የሚያረጥበው የውሃ ማሞቂያ ነው። እሱን አጠፋነው። የባትሪውን ኃይል ወደ ቤት መብራት በሚቀይረው ኢንቨርተር ማሠራቱንም ትተን ከ12 ቮልቱ በቀጥታ በሚወስድ ገመድ ሰካነው። ጉሮሮው ቢደርቅም ባትሪው በጣም ቀስ ብሎ መውረድ ጀመረ።

ግን መውረዱ አልቀረም። ሙሉ ሲሆን 12.7 ቮልት የሚያሳየው ባትሪ 12.2 ላይ ደረሰ። የእኛ ዓይነቱ የሊድ አሲድ ባትሪ እዚያ ላይ ግማሹ አልቋል፤ ከዚያ በታች ደጋግሞ ከወረደ ደግሞ ራሱ ባትሪው ይሞታል። ጄኔሬተር ፍለጋ ገባን። ሱቅ ዝግ ነው። አንድ ሰው ያገለገለ ጄኔሬተር በርካሽ ሊሸጥልን ተስማማን፣ ነገ ላምጣላችሁ አለ። ባለቤቴ «ዝናብ እንዳይመታው ኋላ በር ላይ ሸራው ሥር እናስቀምጠዋለን» እያለ ቦታውን ሁሉ አመቻቸ። በማግስቱ ሰውየው ለሌላ ሸጥኩት ብሎ ደወለ። ተቀምጬ አለቀስኩ። እግዚአብሔርንም «ይቺን እንኳን?» አልኩት።

በዚያ ሌሊት መሣሪያው ቀጥ አለ።

ፀጥታው ነው የቀሰቀሰኝ። ከአጠገቤ ሌሊቱን ሙሉ የሚሰማው የአየር ድምፅ የለም። ባለቤቴ ጭንብሉን በእንቅልፍ ልቡ አውልቆ ጥሎታል። ያንኮራፋል፣ ከዚያ ድንገት ዝም ይላል። ደረቱ ይንቀሳቀሳል ግን አየር አይገባም። እቆጥራለሁ። ጎኑን ገፋ ሳደርገው በኃይል ስቦ ይመለሳል። ከዚያ እንደገና ዝም። ይህን ሁልጊዜ የሚያይ ሰው ብቻ ነው ምን ዓይነት ፍርሃት እንደሆነ የሚያውቀው። ምድጃው ውስጥ ከሰል ጨምሬ፣ ጋቢ ለብሼ፣ እጄን ትከሻው ላይ አድርጌ ተቀመጥኩ። ዳዊት ለመድገም ብርሃን የለም፣ የስልኬም ባትሪ አልቋል። በቃሌ የማውቀውን ሁሉ አልኩ፤ አቡነ ዘበሰማያትን፣ እመቤቴ ማርያምን። ከዚያ ታኅሣሥ 19 መድረሱ ትዝ አለኝ። እናቴ በየዓመቱ ቁልቢ ባትሄድ እንኳ ያችን ቀን ቆማ ነበር የምታሳልፋት። «ገብርኤል ሆይ» አልኩ፣ «አናንያን፣ አዛርያንና ሚሳኤልን ከእቶን እሳት ያወጣህ፣ ይኸን ሰው አትርፍልኝ። በዓልህ ሳያልፍ መላ ስጠን። ከሰማኸኝ ጥላ አገባለሁ፣ በሰው ፊትም እመሰክራለሁ።» ጮክ ብዬ ነው ያልኩት። ባለቤቴ አልነቃም። እኔ ግን ልቤ ተረጋጋ፤ ከየት እንደመጣ የማላውቀው መረጋጋት ነበር።

ነጋ። ዋዜማው ነበር። ባለቤቴ ዓይኑ ቀልቶ «ዛሬ ሥራ አልገባም» ብሎ ለአለቃው ደወለ።

ረፋድ ላይ ጣሪያው ተንኳኳ። ከፊታችን የታሰረው ጀልባ ባለቤት ናቸው፣ አዛውንት እንግሊዛዊ። እስከዚያን ቀን ከደህና አደራችሁ በቀር ተነጋግረን አናውቅም። «የሞተራችሁን ድምፅ ከሰማሁ ቆየሁ፣ ማታም ብርሃን አላየሁም፣ ደህና ናችሁ?» አሉን። ነገርናቸው። ባትሪው ስንት ላይ እንዳለ ጠየቁ። 11.9 አልናቸው። ራሳቸውን ነቀነቁና ሄዱ። ጥቂት ቆይተው በአንድ እጃቸው ትንሽ የሻንጣ መጠን ያላት ጄኔሬተር፣ በሌላው የተጠቀለለ ገመድ ይዘው ተመለሱ። «እኔ ሞተሬ ደህና ነው፣ ሞተራችሁ እስኪሠራ ተጠቀሙባት። ቤንዚኑን ብቻ ቻሉ» አሉ። እኔ እንባዬን መቆጣጠር አልቻልኩም። እሳቸው ግራ ገባቸው።

ባለቤቴ ጄኔሬተሯን ተቀብሎ ወደ ኋላው ሸራ ሲሄድ «አይሆንም! አይሆንም!» ብለው ጮኹ። ዳር ላይ፣ ከጀልባው ራቅ አድርገው፣ ነፋሱ ጭሱን ከእኛ ወዲያ በሚወስድበት በኩል አስቀመጧት፣ ለዝናቡም ከጎኗ ክፍት የሆነ መከለያ ሠሩላት። ከዚያ አስረዱን። የጄኔሬተር ጭስ ካርቦን ሞኖክሳይድ አለበት። አይሸትም፣ አይታይም፣ በሸራው ሥር ተጠራቅሞ ወደ መኝታችን ይገባል፣ የተኛም ሰው አይነቃም። በፈረንጆች 2013 ዊንደርሚር ሐይቅ ላይ አንዲት እናትና ልጇ በጀልባቸው ውስጥ ከጄኔሬተር በወጣ እንዲሁ ዓይነት ጋዝ ሞተዋል። ከፈረንጆች 2019 ጀምሮ የዚህ ጋዝ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ ማደሪያ ባለው ጀልባ ሁሉ ግዴታ ነው፣ እኛም አለን፤ ሆኖም እሳቸው የእኛን ተጭነው እስኪጮህ ድረስ አልሄዱም።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ቁሙልኝ። ያ ያለቀስኩበት ጄኔሬተር በተባለው ቀን መጥቶ ቢሆን የት ነበር የምናስቀምጠው? ሸራው ሥር። ማን ይነግረን ነበር? ማንም። እግዚአብሔር «ይቺን እንኳን?» ስለው ዝም ያለኝ ከሞት እያወጣኝ ነበር። እኔ የጠየቅኩት መብራት ነው፤ እሱ አስቀድሞ ነፍሳችንን ጠብቋል። ይህን ሳስብ እስከ ዛሬ ድረስ ሰውነቴን ይወረኛል።

ገመዱን ወደ ጀልባው ሶኬት ሰካነው፣ ቻርጀሩ መሥራት ጀመረ። የዚህ ዓይነት ባትሪ መጀመሪያ ቶሎ ይቀበላል፣ ከሰማንያ በመቶ በኋላ ግን በጣም ይዘገያል፤ ስለዚህ ቀኑን ሙሉ አስነስተናት ዋልን። በካናሉ ደንብ ከምሽቱ 2 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት ሞተርም ጄኔሬተርም አይነሳም፣ ሰው ይተኛበታል። ከ2 ሰዓት በፊት አጠፋናት። ባለቤቴ ጭንብሉን አድርጎ ተኛ። ያ የአየር ድምፅ ሲሰማ እኔ ቆሜ አመሰገንኩ። ሌሊቱን ሙሉ አልተቋረጠም። በገብርኤል ዕለት ጠዋት፣ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 28፣ ባለቤቴ ፊቱ ፈክቶ ተነሳና ለንደን ቤተ ክርስቲያን አብረን ሄደን አስቀደስን። ታቦቱ ሲወጣ እልልታዬ ከሁሉም በላይ ሳይሰማ አልቀረም።

ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላ እኚሁ ሰው ጀልባቸውን ከጎናችን አስረው ወደ ጥገናው ቦታ ወሰዱን። በዚህ በኩል ያሉት ሎኮች 14 ጫማ ስፋት ስላላቸው ሁለት ናሮውቦት ጎን ለጎን ይገባሉ። ዴንሃም ላይ ያለው ሎክ ከ3 ሜትር በላይ ነው የሚያወርደው፣ በግራንድ ዩኒየን ላይ ከእሱ የሚጠልቅ የለም፤ ውሃው ሲወርድ ሁለቱ ጀልባዎች እንደተቃቀፉ አብረው ወረዱ። ጓርኒሲዮኑ ተቀየረ፣ ቴስታታው ተስተካከለ፣ ሞተሩ ተነሳ። ባለቤቴ ሥራው ላይ ነው። እኛም የራሳችንን ትንሽ ጄኔሬተር ገዝተናል፤ ዳር ላይ ነው የምትነሳው፣ ሸራ ሥር አትገባም። ጥላውንም አስገብቻለሁ።

ለእኚህ አዛውንት ለገና ዶሮ ወጥ ሠርቼላቸው መጥተው አብረውን በሉ። ለምን እንደዚያ እንዳለቀስኩ ጠየቁኝና ስለ ስለቴ ነገርኳቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። «ጠዋት ከጀልባዬ ስወጣ ወደ ከተማ ልሄድ ነበር፤ ግን እናንተን ሳላይ መሄድ ከበደኝ» አሉ። ስማቸውን አልጽፍም፣ እግዚአብሔር ያውቃቸዋል። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት፣ ጤናቸውም እንደ ድሮው አይደለም፤ እባካችሁ በጸሎታችሁ አስቡልኝ።